ወረቀቱ ‹‹ኖርማል›› ቢልም፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመለስ የፕሮስቴት ካንሰርና የጨረር ወረፋ

በሀገራችን የካንሰር የጨረር ሕክምና ሲነሳ ለረጅም ዓመታት የሚጠራው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል። ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ድጋፍ በኮባልት 60 መሣሪያ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ከሃያ ዓመት በላይ ከሞያሌም ሆነ ከሁመራ የሚነሳ ታካሚ መድረሻው እዚያው ነበር። ወረፋው ከወራት አልፎ ዓመት የሚጠጋበት ጊዜ እንደነበር በመገናኛ ብዙኃንም በጥናትም ተደጋግሞ ተነግሯል።

በቅርብ ዓመታት ሁኔታው መለወጥ ጀምሯል። ሊኒየር አክስለሬተር የሚባሉት ዘመናዊ መሣሪያዎች በመጀመሪያ ወደ ጥቁር አንበሳ፣ ከዚያም ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲና በሐረር ወደሚገኘው ሕይወት ፋና ሆስፒታል ገብተዋል። በመንግሥት ዕቅድ ጎንደር፣ ሐዋሳና መቀሌም ተካተዋል። መልካም ዜና ነው። ይሁንና ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው ሀገር መሣሪያዎቹ አሁንም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በዚያ ላይ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ትንበያ፣ በዓለም ላይ በዓመት የሚገኘው አዲስ የፕሮስቴት ካንሰር በ2020 ከነበረው 1.4 ሚሊዮን በ2040 ወደ 2.9 ሚሊዮን ያድጋል። ዋናው ምክንያት የሰው ዕድሜ መርዘም ነው፤ ጭማሪው ደግሞ እንደ እኛ ባሉ ሀገራት ይበረታል።

ዛሬ ላነሳ የፈለግኩት በዚህ ወረፋ ውስጥ ብዙ ስለማይወራለት አንድ ታካሚ ነው። ፕሮስቴቱ በካንሰር ምክንያት በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ የወጣለት፣ ‹‹ድኛለሁ›› ብሎ ወደ ሥራው የተመለሰ፣ ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ግን የደም ምርመራው ውጤት ከፍ ማለት የጀመረ ሰው። ይህ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ የመዳን ዕድል አለው። ዕድሉ ግን የሚሰፋው ምንም ሕመም በማይሰማው ጊዜ ነው። ሕመም ሲጀምረው ብዙውን ጊዜ አልፏል።

በቅድሚያ አንድ ነገር እናጥራ። ‹‹ፕሮስቴት ተሠርቻለሁ›› የሚሉ አባቶች ሁሉ የተደረገላቸው ቀዶ ሕክምና አንድ ዓይነት አይደለም። ሽንት ለከለከለ፣ ካንሰር ላልሆነ የፕሮስቴት ዕድገት የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ያበጠውን የውስጥ ክፍል ብቻ ያወጣል፤ ልክ ብርቱካን ሲላጥ ፍሬው ወጥቶ ልጣጩ እንደሚቀር፣ የዕጢው ውጫዊ ክፍል እዚያው ይቀራል። ካንሰር በብዛት የሚነሳውም ከዚሁ ከቀረው ክፍል ነው። የኔልሰን ማንዴላ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በእስር ላይ ሳሉ ለሰፋ ፕሮስቴት በኬፕታውን ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ2001፣ የፕሮስቴት ካንሰር ተገኘባቸው፤ ለሰባት ሳምንት የጨረር ሕክምና ወሰዱ። ያረፉት በ2013 በ95 ዓመታቸው ነው። እንግዲህ ለሽንት መታገድ ‹‹የተሠራ›› ሰው ከካንሰር ነፃ ነኝ ብሎ ምርመራ ማቆም የለበትም። ከዚህ በታች የምጽፈው ግን ለካንሰር ተብሎ ዕጢው ከነልጣጩ ለወጣለት ሰው ነው። የትኛው እንደተደረገልዎ እርግጠኛ ካልሆኑ የቀዶ ሕክምናውን ማስታወሻ ይጠይቁ፤ በሕንድ፣ በታይላንድ ወይም በቱርክ ታክመው የመጡም ቢሆን ሙሉ ሰነዱን መያዝ መብትዎ ነው።

ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ፒኤስኤ የሚባለውን ፕሮቲን የሚያመርቱት የፕሮስቴት ሕዋሳት ናቸው። ዕጢው ሙሉ በሙሉ ከወጣ የሚያመርተው የለምና፣ ከቀዶ ሕክምናው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ቁጥሩ ወደማይታይ ደረጃ፣ ማለትም ከ0.1 በታች መውረድ ይኖርበታል። አደጋው ያለው በላቦራቶሪ ወረቀቱ ላይ ነው። ወረቀቱ በቀኝ በኩል ‹‹ኖርማል ከ0 እስከ 4›› ብሎ ያትማል። ይህ መለኪያ የተዘጋጀው ፕሮስቴት ላለው ወንድ ነው። ፕሮስቴቱ የወጣለት ሰው 0.9 ሲመጣለት ወረቀቱ ‹‹ኖርማል›› ይላል፤ ታካሚው ፈጣሪውን አመስግኖ ይሄዳል፤ አንዳንዴ ወረቀቱን ያየው ባለሙያም አብሮ ያመሰግናል። በእኔ አስተያየት በሀገራችን በዚህ በሽታ ላይ ከሚባክነው ጊዜ ብዙው የሚባክነው በወረፋ ላይ ሳይሆን በዚህች አንዲት መስመር ላይ ነው፤ ለማረም ደግሞ ምንም መሣሪያ አይጠይቅም። ፕሮስቴት ለሌለው ሰው 0.2 ሲደርስና በሁለተኛ ምርመራ ሲረጋገጥ ‹‹ተመልሷል›› ይባላል። አራት እስኪሞላ መጠበቅ የለም።

ቁጥሩን ለማነጻጸር በተቻለ መጠን በአንድ ላቦራቶሪ ይመርመሩ፤ የተለያዩ ማሽኖች በአነስተኛ ቁጥር ላይ ሊለያዩ ይችላሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየ3 እና በየ6 ወሩ፣ ከዚያ በዓመት አንዴ መመርመር የተለመደ ነው። ውጤቶቹን ከነቀናቸው በአንድ ደብተር ላይ ይጻፉ። ለጨረር ሐኪሙ ከአንድ ቁጥር ይልቅ የሚጠቅመው ሩጫው ነው፤ 0.1 የነበረው በስንት ወር 0.2 ሆነ? በስንት ወር 0.4 ሆነ? በጥቂት ወራት በእጥፍ የሚያድግ ቁጥርና በሁለት ዓመት በእጥፍ የሚያድግ ቁጥር የተለያዩ በሽታዎች ያህል ናቸው።

ለካንሰር ከተሠሩ 10 ወንዶች ወደ 3 በሚጠጉት ላይ ቁጥሩ በ10 ዓመት ውስጥ እንደገና ይነሳል። ‹‹ሐኪሙ በደንብ ስላላወጣው ነው?›› የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይቀርባል። አይደለም፤ ቀዶ ሕክምናው በሚገባ ቢደረግም በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት ዕጢው የነበረበት ቦታ ላይ ሊቀሩ ይችላሉ። በዚህ ደረጃ ሲቲ ስካንም ሆነ የአጥንት ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያሳዩም። ታካሚዎች በዚህ ይደናገራሉ፤ ‹‹ምንም ካልታየ ጨረሩ ምኑ ላይ ነው የሚያርፈው?›› ይላሉ። ጨረሩ የሚያርፈው ዕጢው በነበረበት አልጋ ላይ ነው፤ የቀሩት ሕዋሳት እዚያ የመሆን ዕድላቸው ከፍተኛ ስለሆነ። እንዲያውም የናሙና ውጤቱ ላይ ‹‹የተቆረጠበት ጠርዝ ላይ ካንሰር አለ›› ተብሎ መጻፉ፣ ሲያነቡት ቢያስደነግጥም፣ ለጨረሩ ስኬት ጥሩ ምልክት ነው፤ የቀረው ነገር ሩቅ ሳይሄድ እዚያው እንደሆነ ይጠቁማልና።

ታዲያ ለምን ከቀዶ ሕክምናው ቀጥሎ ለሁሉም ጨረር አይሰጥም? ቀደም ባለው ጊዜ እንዲህ ያደርጉ የነበሩ ሀገራት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 ግን ሦስት ትልልቅ ጥናቶች ውጤታቸውን አወጡ። ከመካከላቸው ትልቁ ራዲካልስ የሚባለውና 1,396 ወንዶች የተካተቱበት ነው። ሁሉም የደረሱበት ተመሳሳይ ነው፤ ወዲያው ጨረር መስጠት፣ ቁጥሩን እየተከታተሉ ከፍ ማለት ሲጀምር ቶሎ ከመስጠት የተሻለ ውጤት አላመጣም። ይልቁንም ብዙዎች ያላስፈለጋቸውን ጨረር ወስደው በሽንት ችግር ተቸገሩ። የሦስቱ ጥናቶች መረጃ ተደምሮ ሲታይ፣ ‹‹እንጠብቅ›› ከተባሉት ውስጥ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ጨረር ያስፈለጋቸው 39 በመቶ ብቻ ነበሩ።

መሣሪያው ላነሰን ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከግማሽ በላይ ሰው ከወረፋው ወጣ ማለት ነውና። ግን ጥናቱን ስናነብ አንድ ቃል እንዳንዘል። ‹‹ቶሎ›› ይላል። በራዲካልስ ጥናት ጨረር የሚጀመረው ቁጥሩ 0.1 ደርሶ ሲጨምር ወይም ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሲነሳ ነበር። መጠበቅ የሚሠራው ምርመራው ሳይቋረጥ፣ ቁጥሩ ሲነሳም የጨረር አልጋው በሳምንታት ውስጥ ሲገኝ ነው። ምርመራው ተረስቶ፣ ሪፈሩ ዘግይቶ፣ ቀጠሮው ለወራት ተራዝሞ ከሆነ ‹‹መከታተል›› የሚለው ስም ብቻ ነው የቀረው።

የመዘግየት ዋጋ ተሰልቷል። ብዙ ጥናቶችን የሰበሰበ አንድ ግምገማ እንዳሳየው፣ ጨረሩ ሲጀመር ያለው ፒኤስኤ በ0.1 በጨመረ ቁጥር በሽታው ሳይመለስ የመቆየት ዕድል በአማካይ 2.6 በመቶ ይቀንሳል። የአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ስለ 635 ወንዶች ባሳተሙት ጥናት ደግሞ፣ ቁጥሩ ከተነሳ በሁለት ዓመት ውስጥ ጨረር የወሰዱት በበሽታው የመሞት ዕድላቸው በእጅጉ ቀንሶ ሲገኝ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የጀመሩት ግን ይህን ጥቅም አላገኙም። ጥቅሙ በተለይ የጎላው ቁጥራቸው ከ6 ወር ባነሰ ጊዜ በእጥፍ በሚያድግባቸው ላይ ነበር። ስለዚህ ዓለም የተስማማበት ምክር ቁጥሩ 0.5 ሳይደርስ ጨረሩ ይጀመር ነው።

ይህን ከእኛ ወረፋ ጋር አያይዘን እንየው። ወረፋው ረጅም ከሆነ 0.2 ላይ ሪፈር የተጻፈለት ሰው 0.5 ሳይደርስ ሊደርሰው ይችላል። ‹‹እስቲ ትንሽ እንየው›› ተብሎ 0.8 ላይ የተላከ ሰው ግን ተራው ሲደርስ 2 ወይም 3 ላይ ነው። እንደ ጠቅላላ ሐኪም ጨረር የምሰጠው እኔ አይደለሁም፤ የእኔ ቢጤ ሐኪም ድርሻ ወረቀቱን በትክክል አንብቦ በጊዜ መላክ ነው። ስለሆነም ቁጥርዎ 0.1 አልፎ መነሳት ከጀመረ፣ ‹‹የካንሰር ሐኪም ዘንድ ልላክ ወይ?›› ብለው ይጠይቁ። ጥያቄው ሐኪሙን መድፈር አይደለም። ሲሄዱም የቀዶ ሕክምናውን ማስታወሻ፣ የናሙናውን ውጤት፣ የፒኤስኤ ቁጥሮቹን ከነቀናቸውና የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ይያዙ። ሰነድ የጎደለው ታካሚ ወደ ሰነዱ ይመለሳል፤ ወረፋውም እንደ አዲስ ይሆናል።

ወረፋውን የሚያሳጥር ሌላም መንገድ አለ። የተለመደው ሕክምና ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ፣ ከ32 እስከ 35 ጊዜ፣ ወደ ሰባት ሳምንት የሚጠጋ ነው። በራዲካልስ ጥናት ግን በየቀኑ የሚሰጠው መጠን ትንሽ ከፍ ተደርጎ በ20 ጊዜ፣ ማለትም በ4 ሳምንት የጨረሱም ነበሩ። አጭሩ አሰጣጥ ተቀባይነቱ እየሰፋ ነው። ከባሌ ወይም ከወሎ መጥቶ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ ለሚታከም አባት የሦስት ሳምንት ልዩነት የኪራይና የምግብ ወጪ ብቻ አይደለም፤ ሕክምናውን በመጨረስና በማቋረጥ መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ለመሣሪያውም እንዲሁ ነው፤ ሁለት ሰው ከ33 ቀን በላይ በሚይዝበት ጊዜ ሦስት ሰው ያስተናግዳል። አጭሩ አሰጣጥ ለእርስዎ ይሆን እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ይህ ግን ጨረሩን በጠባቡ አነጣጥሮ ፊኛንና የሰገራ መውጫ አንጀትን መቆጠብ የሚችል መሣሪያ ይፈልጋል፤ ኮባልቱ ለዚህ አይመችም። በሌላ በኩል ኮባልት መብራት ሲቆራረጥ ያን ያህል አይቸገርም፤ ሊኒየር አክስለሬተር ግን የማይዋዥቅ ኃይል፣ ማቀዝቀዣ፣ መለዋወጫና የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ይሻል። አዲስ ማሽን ሲመረቅ ከማሽኑ እኩል ሊጠየቅ የሚገባው የጥገና ውሉ ነው።

ስለ ሆርሞን ማገጃ መድኃኒት አንድ ማስጠንቀቂያ። ወረፋ እስኪደርስ ወይም ከጨረሩ ጋር ተዳምሮ ሊታዘዝ ይችላል። ለሁለት ዓመት ባይካሉታማይድ ከጨረር ጋር የተሰጠበት ጥናት በ12 ዓመት ውስጥ በሕይወት የቆዩትን ከ71 ወደ 76 በመቶ ከፍ አድርጓል፤ ይሁን እንጂ ጥቅሙ የታየው ቁጥራቸው ከፍ ባለ ጊዜ በጀመሩት ላይ ነው፤ ዝቅ ባለ ቁጥር ለጀመሩት ጥቅሙ አጠራጣሪ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። መድኃኒቱ ፒኤስኤውን ወደ ዜሮ ስለሚያወርደው ታካሚው ‹‹ድኛለሁ፣ ጨረሩ ይቅር›› ይላል። ለብቻው የተወሰደ የሆርሞን ሕክምና በሽታውን ያስተኛዋል እንጂ አይነቅለውም። የወንድ ፍሬን በቀዶ ማውጣትም ያው የሆርሞን ሕክምና ነው። በሽታው ወደ አጥንት ለተሰራጨበት ሰው ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩ 0.3 ለሆነና ሌላ ቦታ ምንም ላልተገኘበት ሰው ግን ከመስማማትዎ በፊት የጨረር ሐኪም ሐሳብ ይጠይቁ።

ሁሉም ሰው ደግሞ ጨረር አያስፈልገውም። ቁጥሩ ከተነሳ በኋላ ምንም ሕክምና ባላገኙ ወንዶች ላይ በሽታው በአጥንት ላይ እስኪታይ በአማካይ 8 ዓመት እንደፈጀ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ የታወቀ ጥናት አሳይቷል። የ82 ዓመት አዛውንት፣ የልብ ድካም ያለባቸው፣ ቁጥራቸው በሦስት ዓመት በእጥፍ የሚያድግ ቢሆን ጨረሩ ጥቅሙ ሳይደርስ ጉዳቱ ሊቀድም ይችላል። ለእኒህ አባት ‹‹እንከታተል›› ማለት ቸልተኝነት አይደለም፤ ልጆች ይህን ሲሰሙ ባይቆጡ ጥሩ ነው።

ሕክምናው ራሱ አያምም። በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ተኝቶ መውጣት ነው። ሰውነት ውስጥ የሚቀር ጨረር የለም፤ የልጅ ልጅዎን ማቀፍ፣ ከቤተሰብ ጋር ከአንድ ትሪ መብላት ይችላሉ። ከባዱ ዝግጅቱ ነው። በየቀኑ ፊኛ በልኩ የሞላ፣ የሰገራ መውጫው ደግሞ ባዶ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ዒላማው ከቦታው ይንሸራተታል። ስለዚህ ማዕከሉ በነገረዎት ሰዓት ውኃ መጠጣት የሕክምናው አካል ነው። እዚህ ላይ ጾም ይመጣል። ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም ወይም ረመዳን ከሕክምናው ጋር ከተገጣጠመ ለቴክኒሻኑ አስቀድመው ይንገሩ፤ የነፍስ አባትዎን ወይም የሃይማኖት አባትዎን ያማክሩ፤ ሁለቱም እምነቶች ለታመመ ሰው ማቅለያ አላቸው። የሚጾሙትም ከሆነ ባቄላና ሽሮ በእነዚያ ሳምንታት ይቀንሱ፤ የሚፈጥሩት ጋዝ አንጀትን ነፍቶ ዒላማውን ይገፋዋል። ቆዳ ላይ የተደረገው ምልክት በጸበልም ሆነ በሻወር እንዳይጠፋ ይጠንቀቁ፤ ጸበል መጠመቅ ከፈለጉ ለማዕከሉ ይንገሩ፤ ምልክቱ ቢደበዝዝም ራስዎ በእስክሪብቶ አይሙሉት።

ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት፣ ሲሸኑ ማቃጠል፣ ተቅማጥና ድካም ይጠበቃሉ፤ አብዛኞቹ ከጨረሩ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ይለቃሉ። በርበሬና ቡና ሲቀንሱ ፊኛው ይረጋጋል። ከዓመታት በኋላ በሽንት ወይም በሰገራ ደም የሚያዩ ጥቂቶች አሉ፤ ጨረር እንደወሰዱ ለሚያያቸው ሐኪም መናገር አለባቸው። በቀዶ ሕክምናው የተዳከመ የወሲብ ብቃት በጨረሩ ሊብስ ይችላል። ይህን ከባለቤትዎ ጋር ሆነው አስቀድመው ይነጋገሩበት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሽንት ገና የሚያመልጥዎ ከሆነም ቁጥሩ እስከፈቀደ ድረስ እስኪሻልዎ ጥቂት ወራት መጠበቅ ይመረጣል፤ ጨረሩ ያለበትን ሁኔታ ያጸናዋልና።

ከተጀመረ በኋላ አይቋረጥ። ማሽን ቢበላሽ ወይም መብራት ቢጠፋ ‹‹በኋላ እመለሳለሁ›› ብለው ወደ ሀገርዎ አይሂዱ፤ ከመውጣትዎ በፊት ለክፍሉ ስልክ ቁጥር ይስጡ፣ የክፍሉንም ይያዙ፤ ያመለጡት ቀኖች እንዴት እንደሚካካሱ ሐኪሙ ያሰላል። ማረፊያ ከቸገረዎ የሆስፒታሉን የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል ይጠይቁ፤ ከክልል ለሚመጡ የካንሰር ታካሚዎች ማረፊያ የሚሰጡ እንደ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ያሉ በጎ አድራጊ ድርጅቶች አሉ። የጤና መድን መታወቂያዎንና ከታችኛው ጤና ተቋም የተጻፈውን ሪፈር ሳይይዙ ከቤት አይነሱ። ጨረሩ ካለቀ ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ እንደገና ፒኤስኤ ይመርመሩ፤ ወረቀቱ ሲወጣም የ‹‹ኖርማል›› መስመሩን ትተው ቁጥሩን ከደብተርዎ ጋር ያነጻጽሩ።